የላፕቶፕ ፋን ስፒድ በእጅ ልቆጣጠረው ወይስ ልተወው?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ላፕቶፔ ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ በጣም ይግላል፣ ሲፒዩው 95 ዲግሪ ይደርስና ወዲያው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የሚገርመው ደግሞ ፋኑ እስከ 80 ምናምን ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ ከዛ በአንዴ ነው የሚጮኸው። እና የፋን ከርቩን (ፋኑ በየትኛው ሙቀት ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነውን) በሶፍትዌር ራሴ ላስተካክለው አሰብኩ፣ ማለት ከ60 ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨምር። ግን ሶፍትዌሩ መሀል ላይ ክራሽ ቢያደርግ ፋኑ በነበረበት ስፒድ ተቆልፎ ይቀራል ወይስ ባዮሱ (የማሽኑ የራሱ መሰረታዊ ሶፍትዌር) መልሶ ይረከበዋል? ሲፒዩው 100 አካባቢ ሲደርስ ራሱን እንደሚያዘገይ፣ ከባሰም ማሽኑ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ እኔን ያሳሰበኝ ባትሪው ነው፣ እሱ ሙቀት አይወድም። ሁሌ ፉል ስፒድ ላይ ማድረጉስ የፋኑን ቤሪንግ ቶሎ አይጨርሰውም?

አቧራውን አጽድቻለሁ፣ ከስሩም ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ትንሽ ለውጥ አለው ግን አልበቃም። ተርቦ ቡስት (ሲፒዩው ከመደበኛው በላይ እንዲፈጥን የሚያደርገውን) ሳጠፋው ወደ 75 ይወርዳል ግን ኤክስፖርቱ ይንቀረፈፋል፣ ስለዚህ እሱን እንደ መፍትሄ አልቆጥረውም (ለፍጥነቱ ብዬ አይደል የገዛሁት)። ቴርማል ፔስቱን (የሲፒዩውን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) መቀየር ይቅደም ወይስ ፋኑን ልነካካ? የሞከረ ካለ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ሞዴሉን ከፈለጋችሁ እጽፋለሁ።