ያገለገለ ኤክስካቫተር ልንገዛ ነው፤ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን ምኑን እንይ?

ጥያቄ፦ የገልባጯ እናት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ሲኖትራክ ገልባጭ አለን። ድንጋይና አሸዋ እናመላልሳለን። የሚጭንልንን ማሽን እስከ ዛሬ በሰዓት እየተከራየን ነበር። ኪራዩ ትርፋችንን እየበላው ስለሆነ የራሳችንን ለመግዛት ቆርጠናል።

አንድ ደላላ ቃሊቲ ወስዶ ኮማትሱ ፒሲ 200-8 አሳየን። ሰዓት ቆጣሪው 7,842 ይላል። ቀለሙ አዲስ ነው። ሲነሳም ድምፁ ደስ ይላል። ባለቤቱ «ነገ ሥራ ብታስገቡት የሚሠራ ነው» ብሎናል። ደላላው ደግሞ ሌላ ገዢ አለ፣ ቶሎ ቀብድ ክፈሉ እያለ ያጣድፈናል። እኛ መኪና እናውቃለን እንጂ ማሽን አናውቅም። ቤታችንን አስይዘን የምንገዛው ነውና እባካችሁ የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፦ ባለጋራዡ (አዳማ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀብድ አትክፈሉ። ሌላ ገዢ ካለ ይግዛው። ማሽን አይጠፋም።

«ሲነሳ ድምፁ ደስ ይላል» ካልሽው ልጀምር። ስትደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ቀድመው አሙቀውት ነበር? የደከመ ሞተር አንዴ ከሞቀ በኋላ ጤነኛ ይመስላል። የሚታወቀው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲነሳ ነው። ስለዚህ ሳትደውሉ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂዱ። የሞተሩን መክደኛ አስከፍተሽ እጅሽን ወደ ብረቱ አስጠጊ። ሙቀት ከተሰማሽ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ሲነሳ ጭሱን እዪ። በብርድ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ቶሎ ከጠፋ ችግር የለውም። ከሞቀ በኋላም ነጩ ካላቆመ፣ ወይ ነፍጣው በደንብ አይቃጠልም ወይ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ ሥራ ሲከብደው ለአፍታ ብልጭ ቢል ያለ ነው። ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን የአየር ፊልተሩ፣ ቱርቦው ወይም ኢንጀክተሩ (ነፍጣ ረጪው) ይታይ። ይህ ሞዴል ኮመን ሬል (ነፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘዴ) ስለሆነ ኢንጀክተሩ ቆሻሻ ነፍጣ አይችልም፤ መቀየሪያውም ውድ ነው። ከነፍጣ ፊልተሩ ሥር ያለውን የውሃ ማጣሪያ ወደ ላስቲክ ጠርሙስ አስፈስሱና እዩት። ውሃና ዝቃጭ ከሞላበት ማሽኑን እንዴት ይዘውት እንደነበር ይነግርሻል።

ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይጨመርለት) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱ። ክዳኑን ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። እዚያው ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ከቆየ ጥሩ ነው። ዘሎ ከወደቀ፣ ወይም ቀዳዳው እንደ ፈላ ድስት ካጤሰ፣ ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ሞተር ማስፈታት ይከተላል።

ራዲያተሩን ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ፣ ተሰናብታችሁ ውጡ።

መልስ፦ የ14 ዓመት ኦፕሬተር

ጋሼ ሞተሩን በደንብ አስረድተዋል። እኔ ሃይድሮሊኩን ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ሞተር የሚፈተነው በብርዱ ነው፣ ሃይድሮሊክ ግን በሙቀቱ። ያረጀ ፓምፕ ዘይቱ ወፍራም እያለ ጠዋት ላይ ጉልበተኛ ነው። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ይዝላል። ሻጮች 10 ደቂቃ አንቀሳቅሰው የሚያጠፉት ለዚህ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት አፈር አስቆፍሩት።

ከሞቀ በኋላ ባልዲውን አፈር ሞልታችሁ ቡሙን (ከማሽኑ አካል የሚነሳውን ዋናውን ማንሻ) አስነሱና ሞተሩን አጥፉ። የሲሊንደሩን ዘንግ በሜትር ለኩ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ጥቂት ሚሊሜትር መውረድ ያለ ነው። ዓይናችሁ እያየ የሚወርድ ከሆነ የሲሊንደሩ ጎማ ወይም ቫልቩ ያሳልፋል። አደራ፣ ከቡሙ ሥር ማንም እንዳይቆም።

ቀጥሎ ሜዳ ላይ ሁለቱንም ፔዳል እኩል ረግጣችሁ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ማሽኑ ሁለት ዋና ፓምፕ አለው። እየተጎተተ ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ፣ የዚያ ጎን የመንጃ ሞተር ወይም አንዱ ፓምፕ ደክሟል። ቡሙም አብሮ ከዘገየ ፓምፑን ጠርጥሩ።

ዘይት የሚተፋ ቱቦ ስትፈልጉ በእጅ አትዳብሱ። በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ የሃይድሮሊክ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ጣት ያስቆርጣል። ካርቶን አስጠጉበት፣ ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ይታያል።

መልስ፦ የተቃጠለ ያውቃል

እኔን ያስቆጨኝ አዲሱ ቀለም ነው። የገዛሁት ማሽን እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ነበር። ሥራ በገባ በሦስተኛው ወር ቡሙ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ቀለሙን ስንፍቀው የድሮ ብየዳ ወጣ። ላዩን በስቱኮ ሞልተው ቀብተውት ነው። እህቴ፣ ቡሙ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን ቦታና የክንዱን የታችኛውን ፊት በመዶሻ ቀስ ብለሽ አንኳኪ። ስቱኮ ያለበት ድምፁ ይደፈናል። በቡሙ ጎን ተጨማሪ የብረት ቧንቧ ካየሽ ጃክ ሀመር ሲሠራበት ሳይኖር አይቀርም። ድንጋይ ሲሰብር የኖረ ማሽን ብረቱም ፓምፑም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የገልባጯ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቧንቧው አለው! ባለቤቱ ግን አፈር ብቻ ነው የሠራበት ብሎን ነበር። 7,842 ሰዓትስ ይታመናል?

መልስ፦ ባለጋራዡ (አዳማ)

ሒሳቡን ሥሪው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ በዓመት 2,400 ሰዓት ይሆናል። 7,842 ከሦስት ዓመት ትንሽ በላይ ማለት ነው። ማሽኑ አገር ውስጥ ስንት ዓመት ሠራ? የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ካበራ፣ የመንጃ ዱላው ከለሰለሰ፣ ወንበሩ ከተቀደደ፣ ቆጣሪው ላይ አትተማመኑ። ባልዲውን መሬት አስነክታችሁ ፒኖቹን እያንቀሳቀሳችሁ እዩ፤ በፒኑና በቡሽንጉ (ፒኑ በሚገባበት የብረት ቀለበት) መካከል ክፍተት ካለ ብዙ ሠርቷል።

ሰንሰለቱን ደግሞ አትርሱ። የባለ ሰንሰለት ማሽን የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰው እዚያ ላይ የሚፈስ ነው። የስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ) ጥርስ እንደ ቀንድ ሾሎ እንደሆነ እዩ። ዘይት የሚያፈስ ሮለር (ሰንሰለቱ ላይ የሚንከባለል ብረት) ቁጠሩ። ሰንሰለቱን ወጥራችሁ ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ፣ እሱን አንድ ብላችሁ ቆጥራችሁ፣ እስከ አምስተኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ሲሆን 760 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በረዘመ ቁጥር ፒንና ቡሽንጉ ተበልቷል።

ከሁሉ የምወደውን ፍተሻ ልንገርሽ። የሃይድሮሊክ መመለሻ ፊልተሩን ከታንኩ አስወጡ፣ ታንኩን መጀመሪያ አስተንፍሱት። ባለቤቱ ቅር ካለው «የአዲሱን ፊልተር ዋጋ እኛ እንከፍላለን» በሉት። የወረቀቱን እጥፋት ከፍታችሁ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፣ ፀሐይ ላይ ያዙት። ወርቅማ ብልጭታ ካለና ማግኔት ካልሳበው ነሐስ ነው። ፓምፑ ውስጡን እየበላ ነው። ያንን ማሽን ፓምፕ ቀይሬ እገዛለሁ የሚል ሰው ቱቦውን፣ ቫልቩንና ታንኩን ጭምር ማጠብ አለበት፤ ያለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።

መልስ፦ የሰነድ ሰው

በአጭሩ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ብረቱ ላይ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። በብሔራዊ ባንክ ሥር የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መመዝገቢያ አለ፤ ማሽኑ ለብድር ተይዞ እንደሆነ እዚያ ጠይቁ። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ እንጂ ደላላ ቢሮ አትፈራረሙ።

የገልባጯ እናት፣ ከ4 ቀን በኋላ

ሄድን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ደረስን፤ ጥበቃው ገና ጋቢውን አላወለቀም ነበር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። በአንዴ ተነሳ። ክዳኑን ገልብጠን አስቀመጥነው፣ አልዘለለም። ባለቤቴ «በቃ ይሄ ነው» ብሎ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰዓት አስቆፈርነው። ቀጥ ብሎ ሲነዳ በግራ በኩል ዘገየ። ቡሙም እንደ መጀመሪያው አይነሳም። ባለቤቱ ፊልተሩን ላለማስከፈት ብዙ ተከራከረ፣ በመጨረሻ ፈቀደ። ጨርቁን ፀሐይ ላይ ስይዘው መስቀል ወፍ የምትመስል ቢጫ ብልጭታ ሞላበት። ማግኔቱ ምንም አላነሳም። ባለቤቴ ጨርቁን አይቶ ዝም አለ። ሰውዬው ወዲያው ዋጋ ቀነሰልን፤ እኛ ግን ተሰናብተን ወጣን።

አሁን ገላን ላይ ካት 320ዲ የሚባል ሌላ ኤክስካቫተር እንዳለ ሰምተናል። የአዳማው ወንድሜ፣ ውሎ አበልህን ከፍለን ቅዳሜ አብረኸን ትመጣለህ?

ባለጋራዡ (አዳማ)

እመጣለሁ። ማሽኑን ቀድመው አስነስተው እንዳያሙቁት የምንመጣበትን ቀን ለማንም አትንገሩ። ጨርቁንና ማግኔቱን እኔ እይዛለሁ። ውስጡ የብረት ብናኝ እንዳለ ለማየት የሞተር ዘይት ፊልተሩን የምንሰነጥቅበት መጋዝም አለኝ። እናንተ ነፍጣ ያዙ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እናሠራዋለን።