ጠንካራውን ብስክሌተኛ እየመረጥኩ ለምን እሸነፋለሁ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፤ ከመንገደኛው

ጤና ይስጥልኝ። የጎዳና ብስክሌት ውድድርን ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ መወራረድ የጀመርኩት ግን በዚህ የውድድር ዘመን ነው። እስካሁን ከያዝኳቸው አሥር ትኬቶች ስምንቱ ወድቀዋል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ያለፈው ነው። በአንድ ተራራማ ምዕራፍ (የብዙ ቀን ውድድር የአንድ ቀን ጉዞ) ላይ ሁለት ብስክሌተኞች ቀርበው «ማን ቀድሞ ይገባል?» በሚለው ውርርድ ጠንካራውን ያዝኩ። በመጨረሻው አቀበት የእኔ ሰው ከፊት ሆኖ ሲመራ፣ ሌላው ደግሞ ከኋላ ትንፋሽ አጥሮት ሲከተል በዓይኔ አየሁ። ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ግን የእኔ ሰው ወደ መንገዱ ዳር ወጣ፣ የማልያውን ዚፕ እስከ ሆዱ ከፈተ፣ ውኃ ተጎነጨ፣ ከዚያም እያዘገመ ገባ። ያ ትንፋሽ ያጠረው በአራት ደቂቃ ቀደመው።

ሌላም አለኝ። ለአንድ ውድድር አጠቃላይ አሸናፊነት ከሳምንታት በፊት የያዝኩት ብስክሌተኛ ታሞ ሳይጀምር ቀረ፤ ድርጅቱም ገንዘቤን አልመልስም አለኝ። ይህ አግባብ ነው? ምኑን ሳላይ ቀረሁ?

መልስ፤ ከዳገት ወዳጅ

ወንድሜ፣ ያንተ ሰው አልተሸነፈም፤ ሥራውን ጨርሶ ነው የወጣው። እኔ በወጣትነቴ በአማተር ደረጃ ስወዳደር ይህንኑ ሥራ ስለሠራሁ፣ ዚፑን መክፈቱን ስትጽፍ ገና ገባኝ።

ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ብስክሌተኛ ነፋሱን ሌላው ስለሚገፋለት እስከ ሲሶ የሚሆን ጉልበት ይቆጥባል፤ በትልቅ ስብስብ መሀል ከተደበቀ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ቡድኑ መሪውን ከኋላ አስቀምጦ ረዳቶቹን አንድ በአንድ ከፊት ያስነዳል። ረዳቱ አቅሙ ሲያልቅ ወይም የታዘዘው ቦታ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ከዚያ በኋላ 20ኛ ገባ 90ኛ ገባ ለቡድኑ ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ ገብቶ ለነገ ጉልበት ቢያተርፍ ይመረጣል። አንተ የያዝከው በእግር ጠንካራውን ነው፤ ውርርዱ የሚጠይቀው ግን የመግቢያ መስመሩን ማን እንደሚቀድም ነው። እነዚህ ሁለቱ በዚህ ስፖርት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከመያዝህ በፊት «ይህ ሰው ዛሬ የሚነዳው ለራሱ ነው ወይስ ለሌላ?» ብለህ ጠይቅ። የቡድን አሠልጣኞች በዋዜማው የሚሰጡትን ቃለ ምልልስ ማንበብ ከሁሉ ይጠቅማል።

ይህ ተራ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። በ2023 በስፔኑ የሦስት ሳምንት ውድድር በቩኤልታ ኤስፓኛ ሴፕ ኩስ የፕሪሞዥ ሮግሊችና የዮናስ ቪንገጎር ረዳት ነበር። በዚያው ዓመት ሮግሊች የጣሊያኑን ጂሮ ዲታሊያ፣ ቪንገጎር ደግሞ የፈረንሳዩን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፉ ናቸው። ኩስ ግን በ6ኛው ምዕራፍ አፈትልከው ከወጡት ጋር ሄዶ በድምር ሰዓት መሪዎቹን በደቂቃዎች ቀደመ፤ በመጨረሻም የአጠቃላይ አሸናፊውን ቀይ ማልያ የለበሰው እርሱ ሆነ።

መልስ፤ ከሒሳብ ገበታ

እኔ የምጨምረው በቁጥሩ በኩል ነው። በሁለት ሰዎች ንጽጽር ሁለቱም ወገን 1.85 ኦድ (ለአንድ ብር ሲያሸንፉ 1.85 ብር የሚከፈልበት ቁጥር) ተሰጥቷቸው ያያሉ እንበል። አንድን ለ1.85 ሲያካፍሉ 54 በመቶ ይመጣል፤ የሁለቱ ድምር 108 ነው። ከመቶ በላይ ያለው የድርጅቱ ድርሻ ነው። ይህም ማለት ከመቶ ትኬት 54 ቢያሸንፉ እንኳ ገና አላተረፉም። ሦስት እንዲህ ያሉ ምርጫዎችን በአንድ ትኬት ካያያዙ ደግሞ የሚከፈልዎ 6.33 እጥፍ ነው፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ቢሆን ሊከፈል የሚገባው 8 እጥፍ ነበር። እባክዎ አያያይዙ።

ከመቶ በላይ ብስክሌተኞች በተዘረዘሩበት «ማን ያሸንፋል?» ውርርድ ይህ ትርፍ ይበልጥ ያብጣል። አንድ ጊዜ ተቀምጠው አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ እያካፈሉ ይደምሩት።

መልስ፤ ከደንብ አንባቢ

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፦ በአሳዛኝ ሁኔታ የተለመደ አሠራር ነው። ቀደም ተብሎ በሚያዝ የአጠቃላይ አሸናፊነት ውርርድ ብዙ ድርጅቶች ሳይጀምር ለቀረ ሰው ገንዘብ አይመልሱም። በሁለት ሰዎች ንጽጽር ግን አንዱ ካልጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የተጀመረውን ምዕራፍ ያቋረጠ ደግሞ እንደ ተሸናፊ ይቆጠራል። ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ የብስክሌትን ደንብ ለብቻው አውጥተው ያንብቡ፤ ከእግር ኳሱ ጋር አይመሳሰልም።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደምናገር በምሳሌ ላሳይዎ። በ2019 ቱር ደ ፍራንስ 19ኛው ምዕራፍ በበረዶና በመሬት መንሸራተት ምክንያት ከመሀል ተቋረጠ። ሰዓቱ ኢዘራን በተባለው ተራራ አናት ላይ ተያዘ፣ ኤጋን ቤርናል የአጠቃላይ መሪውን ቢጫ ማልያ ወሰደ፣ የምዕራፉ አሸናፊ ግን አልተሰየመም። በ2022 ጂሮ ደግሞ ቢንያም ግርማይ 10ኛውን ምዕራፍ ማትዩ ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ካሸነፈ በኋላ፣ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ዓይኑን መትቶት በማግስቱ ሳይጀምር ቀረ። ያን ቀን ስመለከት ለውርርድ ሳይሆን ለልጁ ነበር ያዘንኩት። ሆኖም ቢንያም የነጥብ ማልያውን (በየምዕራፉ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ የሚሰጠውን) ያሸንፋል ብሎ የያዘው ሰው ምን ደንብ ላይ እንደፈረመ ያወቀው በማግስቱ ነው።

መንገደኛው በድጋሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። የእኔ ሰው ዳር ሲወጣ ደነገጥኩና እዚያው ውድድሩ ሳያልቅ፣ በስልኬ እያየሁ፣ ከፊት አፈትልኮ በወጣ ሌላ ብስክሌተኛ ላይ እጥፍ አስያዝኩ። እርሱንም ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ደረሱበት።

መልስ፤ ከሰማያዊ ሰንሰለት

ወንድሜ፣ ከሁሉ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በስልክ የሚያዩት ምስል መንገዱ ላይ ከሆነው ነገር ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ አንዳንዴ ከግማሽ ደቂቃም ይበልጣል። እርስዎ «አሁን ለየለት» ሲሉ ድርጅቱ ጉዳዩን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ኦዱም አብሮ ተለውጧል።

አፈትልኮ የወጣን ሰው መገመት ለራሳቸው ለብስክሌተኞቹም አስቸጋሪ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ውድድር አና ኪዘንሆፈር ከመነሻው ወጥታ ብቻዋን ስትገባ፣ 75 ሴኮንድ ዘግይታ የደረሰችው አነሚክ ቫን ፍሉተን ያሸነፈች መስሏት እጇን አነሣች። የጆሮ ሬዲዮ ስላልነበራቸው ከፊት ሰው መኖሩን አላወቀችም። ከሶፋ ላይ የምናይ እኛ ከእርሷ የተሻለ እናውቃለን ማለት ይከብዳል።

እኔም የጠፋብኝን ለመመለስ በእጥፍ ማስያዝ ጀምሬ ነበር። የሦስት ሳምንቱ ውድድር 21 ምዕራፍ ስላለው በየቀኑ «ዛሬ ይመለሳል» እያልኩ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትን ነካሁ፤ ባለቤቴም ይህን ያወቀችው ኪራዩ ሲጠየቅ ነው። ያዳነኝ ድርጅቱ ላይ ሒሳቤን ለስድስት ወር እንዲዘጉልኝ መጠየቄ ነው። አብዛኛዎቹ ሕጋዊ ድርጅቶች ይህን ያደርጋሉ፤ በሒሳብዎ ገጽ ላይ ራስን የማገድ ምርጫ ይፈልጉ። ከስምንቱ ትኬቶች ስንቱ ያለፈውን ለመመለስ የተያዙ ነበሩ?

መንገደኛው

ሄጄ ቆጠርኩ። አምስቱ። ራስን የማገዱን ቅጽ ዛሬ ማታ ሞልቻለሁ፤ የነገውን ተራራማ ምዕራፍ ግን እመለከታለሁ፤ በየቡድኑ ማን ለማን እንደሚነዳ በወረቀት እየጻፍኩ።