የዕቅድ ውይይት፦ የለቅሶ ጥሪ ከብሎጋችን ወደ አባላት ስልክ በራሱ እንዲሄድ

ጸሐፊ፦ ከፒያሳ ከተነሳን ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥሩምባው አራብሳ አይሰማም፣ ቱሉ ዲምቱም አይሰማም። ባለፈው ቀብር አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ የሚሸከም ሰው ጠፍቶ የጎረቤት ግንበኞች ስራ አቁመው ነው የረዱን፣ ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳም። ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሀሳብ አንድ ነው፦ እኔ ዎርድፕረስ ብሎጋችን ላይ ጥሪውን ስለጥፍ የሁሉም አባል ስልክ ይጩህ። የአራብሳው ልጅ እንዴት እንደሆነ ያስረዳችኋል።

የአራብሳው ልጅ፦ ኮድ የሚባል ነገር የለውም። ማንኛውም የዎርድፕረስ ብሎግ አዲስ የተለጠፈውን የሚዘረዝር ፊድ አለው፣ አርኤስኤስ የሚባለው። ዛፒየር የሚባል አንዱን አገልግሎት ከሌላው የሚያገናኝ ድረ ገጽ እሱን እየተመላለሰ ያያል፣ አዲስ ካገኘ ፑሽኦቨር ለሚባል የማሳወቂያ አፕ ይነግረዋል፣ ፑሽኦቨር ስልካችሁ ላይ ይጮሃል። ፑሽኦቨርን የመረጥኩት አስቸኳይ የሚል ደረጃ ስላለው ነው፣ ሰውየው አይቻለሁ ብሎ እስኪጫን ድረስ በየ30 ሰከንዱ እንዲደግም ማድረግ ይቻላል፣ ቢበዛ ለ3 ሰዓት ያህል። ነጻው ዛፒየር በወር 100 ተግባር ይሰጣል፣ ለግሩፕ ስለምንልክ አንድ ለቅሶ አንድ ተግባር ነው የሚቆጠረው።

ገንዘብ ያዥ፦ ነጻ ነው ማለት ነው?

የአራብሳው ልጅ፦ ዛፒየሩ ነጻ ነው። ፑሽኦቨር 30 ቀን በነጻ ያሞክራል ከዛ በየሰው 5 ዶላር፣ አንዴ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ 140 አባወራ በ5 ዶላር 700 ዶላር! ድንኳኑ ተቀዶ ክረምት ከረምን እኮ። ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ማነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ከአሜሪካ እከፍላለሁ። እናቴ ስትሞት መምጣት ሳልችል ድንኳን የተከላችሁት፣ ሳልስቱን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ያን ጊዜ ይሄ ነገር ኖሮ ቢሆን እኔ የእናቴን ሞት ስራ ላይ ቆሜ ከስልክ ጩኸት ነበር የምሰማው? እኔን ሁለት ሽማግሌ ሌሊት ቤቴ መጥተው ነው ያረዱኝ።

ጸሐፊ፦ ቤተሰብ ሳይረዳ አልለጥፍም። ይሄ ጥሪ እንጂ መርዶ አይደለም።

የአራብሳው ልጅ፦ ጋሼ የስብሰባ ማስታወቂያም እዛው ስለሚለጥፉ ለቅሶ ብቻ እንዲያልፍ ፊልተር አድርጌበታለሁ፣ የዛፒየሩ የሙከራ ጊዜ ላይ ስለሆንን ይሰራል። ዛሬ ማታ አንድ ይለጥፉና እንይ።

ጸሐፊ፦ ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ለጠፍኩ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠን ከባለቤቴ ጋር ጠበቅን፣ አቦሉ ተጠጣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ላይ ደረስን፣ ስልኩ ዝም።

የአራብሳው ልጅ፦ አገኘሁት። ፊልተሩ ላይ ያስገባሁት «ሥርዓተ ቀብር» በንጉሡ ሠ ነው፣ እርስዎ የጻፉት «ስርአተ ቀብር» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ለቅሶ አይደለም ብሎ ዘለለው።

መምህር፦ ኮምፒውተሩ ልክ ነው። ሥርዓት ሠርዐ ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ይጻፋል። ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ።

ጸሐፊ፦ መምህር እኔ ደግሞ 22 ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፣ በእሳቱ ሰ ስለጻፍኩ ሳይቀበር የቀረ ሰው የለም።

መምህር፦ የጻፉትን ሁሉ እያየሁ ዝም ብዬ ነው እንጂ ያልተቀየምኩ እንዳይመስልዎ።

የአራብሳው ልጅ፦ መፍትሄ አለው እኮ፣ በፊደል መፈለጉን ትተን ብሎጉ ላይ ለቅሶ የሚል ምድብ እንከፍታለን፣ ዎርድፕረስ ለየምድቡ የራሱ ፊድ አለው፣ ዛፒየር እሱን ብቻ ያያል። ፊልተርም አያስፈልግም።

ዳኛው፦ ከዚያ በፊት አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ስልኩ ላይ ከላይ የሚወጣው ስም «እድር» ይላል። ማህተማችን ላይ ያለው «ዕድር» ነው። በማህተማችን ያልሆነ ጥሪ የእኛ ጥሪ አይደለም።

መምህር፦ ትክክል።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ እድር ብሎ የሚጽፍ አገር ሙሉ ሰው አለ እኮ ጋሼ።

ዳኛው፦ አገሩ የራሱን ይጻፍ። ይሄን ማህተም ያስቀረጹት አባቶቻችን ናቸው፣ ሰፈሩ ፈርሶ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

እቃ ግምጃ ቤት፦ ብረት ድስቶቹ ላይ የተቀረጸው ግን «እድር» ነው፣ 24ቱም። አሁን ወርጄ አየኋቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙም «እድር» ነው፣ ሦስት ጥራዝ ገና አልተጀመረም፣ ደግሞ አሳትሙ እንዳትሉኝ!!

መምህር፦ ድስት ላይ የጻፈው አንጥረኛ ነው።

እቃ ግምጃ ቤት፦ አንጥረኛው አባቴ ነበር።

መምህር፦ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ አላወቅኩም ነበር። ጥሩ ሰው ነበሩ አባትህ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ እኔ በዚህ በፊደሉ ነገር ደክሞኛል። እዚህ ብሎካችን ውስጥ አምስት አባላት አለን፣ ሁለቱ እናቶች የያዙት ቀፎ ነው፣ አፕ የሚባል አይጭንም። ለነሱ ማን ይጮህላቸዋል? እትዬ ባለፈው ቀብሩ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አስፋልት ዳር ታክሲ ሲጠብቁ ነው ያገኘኋቸው፣ የሚሄዱበት ለቅሶ ግን ተነስቶ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳቸው።

ጸሐፊ፦ ቀፎ የያዘ ስንት ነው?

እቃ ግምጃ ቤት፦ በመዝገቡ 31።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ ከተነሳ ልናገር። ጥሩምባ ነፊው በወር የሚከፈለው አለ። ጥሩምባው ከቀረ እሱን ወደ አፑ እናዙረው።

ዳኛው፦ ምን አልክ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳብ ነው የተናገርኩት ጋሼ።

ዳኛው፦ ያ ሰው በሐምሌ ዝናብ በ11 ሰዓት ላስቲክ ለብሶ በየበሩ ሲነፋ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርክ። ከእንጀራው ላይ ቆርጠህ ለአሜሪካ አፕ ትከፍላለህ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የአፑን እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ። ከሰው ደሞዝ ላይ የሚነካ ከሆነ ግን የለሁበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ አልኩ፣ ተውኩት። ድንኳኑን ግን አስቡበት።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ለምን እሱ አይደውልም? ጥሪው ለእሱ ስልክ ይድረሰው፣ እሱ ደግሞ ለ31ዱም ይደውል። ድምፁን ያውቁታል፣ እሱ ከጠራቸው ይመጣሉ።

ዳኛው፦ ይሄ ነገር ነው።

እቃ ግምጃ ቤት፦ እሱም የያዘው ቀፎ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው በሀሳቡ ላይ እንዲህ ብዬ ልጻፍ፦ ለጥሩምባ ነፊያችን አንድ ስማርት ስልክና በወር የአየር ሰዓት ይገዛለት፣ የአፑ ክፍያ ለጊዜው ለእሱ፣ ለእኔና ለዳኛው ብቻ ይሁን፣ የሌላው አባል ይቆይ።

ገንዘብ ያዥ፦ 140 ወደ 3 ወረደ፣ 15 ዶላር። በዚህ እስማማለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የቀረውን ለስልኩ አድርጉት። ባይሆን ከዚህ የሚመጣ ሰው ፈልጌ እልካለሁ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ የእኔም ስልክ እንዲጮህ ነበር እኮ የተጀመረው። አራብሳ ያሉትስ?

ጸሐፊ፦ እሱን በሚቀጥለው ጉባኤ።

መምህር፦ ሀሳቡ ላይ ርእሱ በየትኛው ዕ ነው የሚጻፈው?

ዳኛው፦ በማህተሙ።

እቃ ግምጃ ቤት፦ እኔ አልፈርምበትም።

ጸሐፊ፦ የአራብሳው ልጅ፣ ያልከውን የለቅሶ ምድብ ከፍቻለሁ፣ ዛፒየሩን ወደ እሱ አዙረው። ከእሑድ በፊት እንሞክር።

ጸሐፊ፦ የአራብሳው ልጅ አለህ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ አዲስ ስራ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፣ ሌሊት ነው የሚገባው አሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ የዛፒየሩ አካውንት በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው?

ጸሐፊ፦ በእሱ። የይለፍ ቃሉም እሱ ጋር ነው። ዛሬ ሁለቴ ደወልኩ፣ አላነሳም። አራብሳ የሚሄድ ሰው ካለ ቤቱ ይለፍና እንደምንፈልገው ይንገርልኝ፣ ለጥሩምባ ነፊውም እስከዚያ በቀፎው ቁጥሮቹን እያስገባሁለት ነው፣ 12 ላይ ደርሻለሁ።