የሚያዳምጠኝ አሳታሚ እንዴት ላግኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ የምኖር ክራር ተጫዋችና ድምፃዊ ነኝ። በባቲና በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሠራኋቸው፣ ግጥማቸውም ዜማቸውም የራሴ የሆኑ ዘፈኖች አሉኝ። ችግሬ ሰሚ ማጣት ነው። ፍላሼን ይቀበሉኝና «እንደውልልሃለን» ይላሉ፤ በዚያው ይቀራል። አንዱ አሳታሚማ ፍላሹን ሳይከፍት «ዩቲዩብ ላይ ስንት ተከታይ አለህ?» አለኝ። ተከታይ ቢኖረኝ እሱን ደጅ ምን አስጠናኝ!

በሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። በክራር ብቻ የተቀዳውን ልስጥ ወይስ ተበድሬም ቢሆን ለአቀናባሪ ከፍዬ ላሠራው? እኔ ጥሬውን ብሰጥ እመርጣለሁ፤ ቅንብር የደካማ ዜማን ጉድ ይሸፍናል እንጂ ጥሩውን አይፈጥርም። ጓደኛዬ ደግሞ አሳታሚውን ትተህ የሚያምነውን አቀናባሪ ያዝ ይለኛል። እውነት ምልመላው በዚያ በኩል ነው? ወይስ ባህል ምሽት ቤት እየተጫወትኩ ብጋብዛቸው ይመጣሉ?

ሌላው ስጋቴ ስርቆት ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራዬ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው፤ ነገር ግን ዜማዬን ሌላ ሰው ዘፍኖት ብሰማ ቀድሜ መሥራቴን በምን አስረዳለሁ? ፍላሹን ከመስጠቴ በፊት ምን ላስፈርም?