በአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ከአገር ቤት ይዤ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። በትምህርት ቤት አማካሪነት ለመሥራት ዲግሪው ብቻ ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም እህቴ። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስኩል ካውንስሊንግ ማስተርስ ይጠየቃል። መጀመሪያ ትራንስክሪፕትሽን (የዩኒቨርሲቲ የውጤት ዝርዝርሽን) የውጭ ዲግሪ በሚገመግም ድርጅት አስገምግሚ። ርካሹን አጠቃላይ ግምገማ እንዳትገዢ፤ የሚፈለገው እያንዳንዱን ኮርስ ከክሬዲቱና ከውጤቱ ጋር የሚዘረዝረው ነው። ሰነዱን የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ራሱ ይላከው። በእጅሽ ያለውን ኮፒ ከላክሽ ፋይልሽ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መልስ 2፦
ማስተርሱ የኬክሬፕ (CACREP፣ ለአማካሪነት ትምህርት ፕሮግራሞች እውቅና የሚሰጥ ድርጅት) እውቅና ያለው ቢሆን ይመረጣል። 100 ሰዓት ፕራክቲከም (የመጀመሪያ የተግባር ልምምድ) እና ከዚያ በኋላ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለው፤ ከ600ው ቢያንስ 240ው ከተማሪዎች ጋር በቀጥታ የሚሠራ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪ የሚገኘው በቀን ስለሆነ ከቀን ሥራ ጋር ይጋጫል። ከመመዝገብሽ በፊት የሥራ ሰዓትሽን አስተካክዪ።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ላይ ጥቃት እንደደረሰ ከጠረጠርሽ ማስረጃ እስኪገኝ አትጠብቂ። በሜሪላንድ ሕግ በቃል ወዲያውኑ፣ በጽሑፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ማመልከት ግዴታ ነው፤ ለርእሰ መምህሩ መንገር ብቻውን አያድንም።

ከአበሻ ወላጆች ጋር ስትነጋገሪ ደግሞ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጊው፤ ስለራሱ የተባለውን ቀንሶ ይናገራል። እናትየዋ አንገቷን ደፍታ «እሺ» ስላለች ተስማምታለች ብለሽ አትፈርሚ። «ከዚህ ውስጥ የሚያሳስብዎ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂና ጊዜ ስጫት።