ጨለለቃ ስንት ያወጣል?

መነሻ፦ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ውሃ ለሚያልፍበት ለጨለለቃ ረግረግ በብር ዋጋ ይተመንለት ወይስ ሐሳቡ ራሱ ነውር ነው? ሐዋሳ ያላችሁ ተናገሩ። ስድብ የለም።

አሳ አስጋሪ፦ ነውር ነው። ዛሬ ዋጋ ከወጣለት ነገ ገዢ ይመጣል። እናትህ ስንት ታወጣለች ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

መምህር፦ ወንድሜ፣ ገዢውማ እስኪተመን አይጠብቅም። መሬት በሊዝ ሲሰጥ ካሬው ይሰላል፤ ረግረጉ የሚሠራው ሥራ ግን እንደ ዜሮ ይታለፋል። ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርደውን ደለል የሚይዝልን እኮ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ውሃው በጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁ የሚገባው። ኒውዮርክን እዩ። ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተባት። እ.ኤ.አ. በ1997 ውሃው ከሚመነጭበት አካባቢ ሰዎች ጋር ተስማማች። ምንጩን መጠበቅ እጅግ ረከሰላት። መተመን ይኼ ነው፤ መሸጥ አይደለም።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ምሳሌው ያምራል፣ ለእኛ ግን አይሆንም። ኒውዮርክ ምንጩ ቢበላሽባት ማጣሪያ ትሠራለች። የእኛ ሐይቅ መውጫ ወንዝ እንኳ የለውም። የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ሐይቅ ደግሞ አይታጠብ ነገር! ምትክ የሌለውን በምን ሒሳብ ትተምኑታላችሁ? በዚያው በ1997 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኮስታንዛና ባልደረቦቹ የዓለም ተፈጥሮ በዓመት የ33 ትሪሊዮን ዶላር አገልግሎት ይሰጣል ብለው ገመቱ። ያኔ የዓለም ጠቅላላ ምርት 18 ትሪሊዮን ገደማ ነበር። ዓለም ኪሷን ብታራግፍ የማትከፍለው ዋጋ፣ ምኑ ዋጋ ሆነ?

መምህር፦ እዚህ ላይ ረታኸኝ። ትልቁን ድምር ተወው። እኔ የምፈልገው ትንሿን ሒሳብ ነው። ከረግረጉ አንድ ሄክታር ሲታረስ ሐይቁ ላይ ምን ያህል ጉዳት ይጨምራል?

አሳ አስጋሪ፦ እሺ መምህር፣ ተሠላ እንበል። ብሩስ ለማን ነው? እርከን የሚሠራው የላይኛው ገበሬ ነው። ደለሉ የሚደርሰው እኛ ጋ። ቢሮ ገብቶ የሚቀር ከሆነ ይቅርብን።

መምህር፦ ኮስታሪካ ከነዳጅ ታክስ ቆርጣ ደን ለሚጠብቁ ባለመሬቶች ትከፍላለች። እኛስ ከምን እንቁረጥ?

አሳ አስጋሪ፦ ከእኔ ቆሮሶ አሳ ላይ ትንሽ ይቆረጥ፣ አልጠላም። ሆቴሎቹም ይቁረጡ። ሐይቁን የሚያሳየው ክፍል ከጀርባው ክፍል በስንት እንደሚወደድ እነሱ አብጠርጥረው ያውቁታል።