ጎንደር ላይ ጥብቅና እየሠሩ ለምክር ቤት መወዳደር፤ የተያዙት መዝገቦችስ?

ቀሃ ማዶ
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ከተማ ላይ የግል ጥብቅና ቢሮ ያለው ሰው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ልሁን ቢል ከየት ይጀምራል? ወደ 40 የሚጠጋ ያልተዘጋ መዝገብ አለ፤ የሚበዛው የገጠር መሬትና የውርስ፣ ቀሪው የንግድ፣ ጥቂት ወንጀል። ዋናው ፍላጎት የመሬት ሕጉ ላይ መሥራት ነው። ፈቃዱ ምን ይሆናል? መዝገቦቹ መቼ ይለቀቃሉ? ሂደቱን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

አንገረብ
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የትኛው ምክር ቤት የሚለውን ለይ። የገጠር መሬት ላይ መሥራት ከሆነ ሐሳብህ፣ በየቀኑ የምትጠቅሰው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የወጣው ባሕር ዳር ነው። የቤተሰብ ሕጉም፣ አዋጅ 79/1995፣ የክልል ነው። ፌዴራሉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የንግድ፣ የወንጀልና የሠራተኛ ሕጎችን ይዟል፤ በመሬት አጠቃቀም ላይም ማዕቀፉን ያወጣል እንጂ እያንዳንዱ የይዞታ ክርክር የሚዳኝበትን ዝርዝር ክልሉ ነው የሚጽፈው። አዲስ አበባ ገብተህ የመሬት ደብተር ጉዳይ ብታነሳ «ይህ የክልሉ ነው» ትባላለህ። ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ዕጩነትን እንደ ትንሹ ወንበር አትቁጠረው። ለአንተ ጉዳይ ትልቁ እሱ ነው።

የቀጠሮ ደብተር
ስለ መዝገቦቹ ልመልስ፤ ጠበቃን የሚጥለው ቅስቀሳው ሳይሆን ይኸኛው ነው።

የቀን አቆጣጠሩን እይ። በ2013 ዕጩዎች በየካቲት ተመዘገቡ፣ ድምፅ ሰኔ 14 ተሰጠ፣ አዲሱ ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ሥራ ጀመረ። ይህ በአጋጣሚ የዋለ ቀን አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 የምክር ቤቱን ዓመት ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ያደርገዋል። ፍርድ ቤት ደግሞ ክረምቱን ይዘጋል። ሐምሌ ላይ ያላለቀ መዝገብ ሁሉ የሚቀጠረው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ያኔ አንተ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀህ ስብሰባ ላይ ነህ። ከሳሽ ወገን ሳይቀርብ ተከሳሽ ቀርቦ ክሱን ከካደ መዝገቡ ይዘጋል፤ ለማስከፈት ያለው 1 ወር ብቻ ነው። በበቂ ምክንያት እንደቀረህ ማስረዳትም አለብህ፤ «ጠበቃዬ ተመርጦ ሄደ» የሚለውን ችሎቱ እንደ በቂ ምክንያት ይቀበለዋል ብለህ አትመን።

ስለዚህ ዕጩ ከመሆንህ በፊት አዲስ መዝገብ መቀበል አቁም። ያሉትን በሦስት ክፈላቸው። ከሐምሌ በፊት ውሳኔ የሚያገኙትን ያዝ። ገና መልስና የመጀመሪያ ክርክር ላይ ያሉትን ወዲያው አስተላልፍ፣ ተተኪው ጠበቃ ጭብጥ ሲያዝ (ክርክሩ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ሲለዩ) እንዲገኝ። አስቸጋሪዎቹ ምስክር የተሰማባቸው ናቸው፤ ምስክሩ ሲናገር ችሎት ያልነበረ ጠበቃ ከግልባጭ ብቻ ስለሚሠራ፣ ለእያንዳንዱ ምስክር ምን እንዳለና የት እንደተሸራረፈ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፈህ አስረክብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውክልናው ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2215 ተወካይ ሥራውን ራሱ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ለመተካት ወካዩ መፍቀድ አለበት። የውክልና ወረቀቶችህን አውጥተህ «ሌላ ጠበቃ ሊወክል ይችላል» የሚል ቃል እንዳለባቸው አረጋግጥ። ከሌለ ደንበኛው ራሱ መጥቶ ለአዲሱ ጠበቃ ይስጥ። ማረሚያ ቤት ያሉት መምጣት ስለማይችሉ ከእነሱ ጀምር፤ አንተ ሄደህ ማስፈረም ይኖርብሃል። ከአርማጭሆና ከደምቢያ የሚመጣ ገበሬም በአዝመራ ሰዓት አይገኝልህም።

የይግባኝ ቀኖቹን ለብቻ ሰንጠረዥ አድርግ፤ ለፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን፣ ለሰበር 90 ቀን። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተሰጠ ውሳኔ 60 ቀኑ ክረምት ላይ ነው የሚያልቀው፤ ደንበኛው አንተን፣ አንተ ተተኪውን ስትጠብቁ ያልፋል።

ቀሃ ማዶ
አመሰግናለሁ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሙሉ ክፍያ የተቀበልኩባቸውስ?

የቀጠሮ ደብተር
ውልህ ክፍያውን በደረጃ ከከፋፈለው (ክስ ማቅረብ፣ ምስክር ማሰማት፣ እስከ ውሳኔ) ያልሠራኸውን ደረጃ አስልተህ በደረሰኝ መልስ። ካልከፋፈለው ከደንበኛው ጋር ተስማምታችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ቁጥር 2229 ተወካይ ውክልናውን ሊተው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ መተውህ ወካዩን ከጎዳው ግን ካሳ አለበት። በፍርድ አፈጻጸም ተቀብለህ በእጅህ ያለ የደንበኛ ገንዘብ ካለ ዛሬውኑ አስረክብ። የይዞታ ደብተርና የኑዛዜ ዋና ቅጂዎችንም በዝርዝር አስፈርመህ መልስ። ምረጡኝ ብለህ አዘዞ ስትወርድ «ደብተሬን መልስልኝ» የሚል አንድ ሰው ከተነሳ ስብሰባው የእሱ ነው።

የማራኪ ልጅ
ስለ ምዝገባው በአጭሩ። የምርጫ አዋጁ 1162/2011 ነው፤ ማሻሻያዎቹን ጨምረህ አንብብ። ዕድሜ ከ21 ያላነሰ ይላል። ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ ለመወዳደር ሥራቸውን መልቀቅ አለባቸው፤ የግል ጠበቃ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጠበቆች የሚሰናከሉት ነዋሪነቱ ላይ ነው፤ ቢሮው ጎንደር ሆኖ መታወቂያው የሌላ ከተማ ወይም የሌላ ምርጫ ክልል ይሆንና ወረቀቱ ይመለሳል። ቢሮ መከራየት መኖር አይደለም። ቀበሌህ ሄደህ አሁኑኑ አስተካክል።

የጥብቅና ፈቃዱን በተመለከተ ቡና ላይ የሰማኸውን አትያዝ። ለሰጠህ አካል፣ የክልል ከሆነ ለፍትሕ ቢሮው፣ የፌዴራል ከሆነ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ «ብመረጥ ፈቃዴ በምን ሁኔታ ይቆያል?» ብለህ በደብዳቤ ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ግብሩንም ዘግተህ ክሊራንስ ውሰድ፣ ያልተጠቀምክበትን ደረሰኝ መልስ። ከተመረጥክ በኋላ በአዋጅ 668/2002 ሀብትህን ታስመዘግባለህ፣ በየሁለት ዓመቱም ታድሳለህ፤ ያልተሰበሰበ የጥብቅና ክፍያህን ያኔ ከማሰብ አሁን ጽፈህ አስቀምጠው።

እንግዳ
ያለመከሰስ መብት ስለሚኖረው የድሮ ደንበኞች ብዙም አያሰጉትም መሰለኝ።

አንገረብ
አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሚከለክለው ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ መያዝንና በወንጀል መከሰስን ነው፤ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ እሱም የለም። ገንዘቤን መልስ የሚል የፍትሐ ብሔር ክስ ነገ ጠዋት ሊቀርብበት ይችላል፣ መጥሪያውም ምክር ቤቱ ድረስ ይደርሰዋል።